«ብሔር» የሚለው መስመር ከመታወቂያ ይውጣ፣ በቆጠራ ቅጽ ላይ ይስተካከል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የመታወቂያ ሥራ አንድ ነው፤ ካርዱን የያዘው ሰው ራሱ ባለቤቱ መሆኑን ማረጋገጥ። ፋይዳ ይህን የሚያደርገው በሙሉ ስም፣ በትውልድ ቀን፣ በጾታ፣ በአድራሻ፣ በፊት ፎቶ፣ በ10 ጣቶች አሻራና በሁለቱም ዓይኖች አይሪስ (በዓይን ውስጥ ባለው ባለቀለም ቀለበት) ነው። ብሔር አይጠይቅም። ሚሊዮኖች የሚጋሩት ነገር አንዱን ሰው ከሌላው ሊለይ አይችልምና ቢጠይቅም ጥቅም የለውም። በቀበሌ መታወቂያና በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ላይ የቀረው «ብሔር» የሚል መስመርም በዚሁ ምክንያት መውጣት አለበት። ሩዋንዳ ውስጥ ቤልጂጎች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መታወቂያ ላይ ያሰፈሩት «ሁቱ»፣ «ቱትሲ» የሚል ጽሑፍ በ1994 በየኬላው የሚገደለው ሰው መለያ ሆኗል።

መስመሩ እንዴት እንደሚሞላም ይታወቃል። መዝጋቢው ባለጉዳዩን ሳይጠይቅ ከአባት ስም ይገምታል፣ ወይም ከቤተሰቡ ፋይል ይገለብጣል። የእናት ወገን እዚያው ይቀራል። ካርዱ ሲታደስ ያው ግምት እንደገና ይገለበጣል፤ ልጅ ሲወለድ ደግሞ እንደ ማስረጃ ይቀርባል።

ቆጠራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔር በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ወኪል ይኖረዋል፣ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ሕዝቡ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወኪል ይኖረዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ከቆጠራ ቅጽ መሰረዝ አይቻልም። ችግሩ አጠያየቁ ላይ ነው፤ አባወራው ለቤቱ ሰው ሁሉ ይመልሳል፣ ለአንድ ሰው አንድ የብሔር ኮድ (መለያ ቁጥር) ብቻ ይመዘገባል። ከኦሮሞ አባትና ከጉራጌ እናት የተወለደች ወጣት ማንነቷን ራሷ ሳትናገር በአባቷ ተቆጥራ ልታልፍ ትችላለች።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከ18 ዓመት በላይ የሆነና እቤት የተገኘ ሁሉ ስለ ራሱ ይመልስ፤ ያልተገኘው «በሌላ ሰው የተመለሰ» ተብሎ ምልክት ይደረግበት። ሁለተኛ ኮድ የሚጻፍበት ቦታ ይጨመር፤ ቆጠራው በታብሌት እንዲካሄድ ስለታቀደ ይህ ወረቀት አያባክንም። «መመለስ አልፈልግም» የሚል ኮድም ይኑር። አሜሪካ ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራዋ ጀምሮ በዘር ጥያቄ ላይ ከአንድ በላይ መምረጥን ፈቅዳለች።

የሚያሰጋው ድምሩ ነው። ለወንበር ስሌት ሁለት የመረጠ ሰው ለእያንዳንዱ ግማሽ ይቆጠር፤ ያለዚያ አንድ ሰው ሁለቴ ይቆጠራል። በሚታተመው ውጤት ደግሞ ሁለት ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፦ አንደኛው አንድ ብሔር ብቻ የመረጡትን የሚያሳይ፣ ሁለተኛው ከሌላ ጋር አጣምረው የመረጡትንም የሚያካትት። የሁለተኛው ድምር ከመቶ በመቶ ይበልጣል። ምክንያቱ እዚያው ከሠንጠረዡ ሥር በግልጽ ካልተጻፈ «ቁጥር ተጭበረበረ» የሚል ወሬ በማግስቱ ይነሳል፤ ያ ወሬ ከተነሳ ደግሞ ማንም አይመልሰውም።

አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ እስካሁን አልተካሄደም። ቅጹን ለማረም ጊዜው አላለፈም። ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ኮድ ያለው ቅጽ እንደ አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ባሉ ብዙ ወገን ተቀላቅሎ በሚኖርባቸው ከተሞች ይሞከር።

ከአክብሮት ጋር፣
የሕዝብ ቆጠራ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ