ጉዳዩ፦ ሳይከፈት «ቦርድ ነው» ስለተባለው የልብስ ማጠቢያ ማሽኔ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የማሽኑን ሞዴል፣ የደረሰኝ ቁጥሩንና የገዛሁበትን ቀን እዚህ አልደግምም። በስልክ ስድስት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ፣ ስድስቱንም ጊዜ «መዝግበነዋል» ብላችሁኛል። ካልመዘገባችሁት እሱ ራሱ ሌላ ቅሬታ ነው። ማሽኑ ሲጨምቅ ይጮሃል፣ መጀመሪያ የላካችሁት ቴክኒሻን ደግሞ ሳይከፍተው «ቦርድ» (የማሽኑ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ) ተቃጥሏል ብሎ ሄደ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ቅዳሜው ቀጠሮ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ልጅ ከእናንተ ቢሮ ደወለችልኝ። ስሟን ነግራኛለች፣ ግን እንጀራዋን መንካት ስለማልፈልግ አልጠቅሰውም። ያለችኝን ግን ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፣ ከዚህ በፊት ተምሬያለኋ። «ቅዳሜ ከ4 ሰዓት በፊት ሌላ ቴክኒሻን ይመጣል፣ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ያይልዎታል፣ እኔ ራሴ ነኝ የምከታተለው» አለች። «እርግጠኛ ነሽ የኔ እህት?» ስላት «በእኔ ይሁንብዎ» አለችኝ። አመንኳት።

ቅዳሜ የአክስቴ ባል ተዝካር ነበር። ባለቤቴንና ልጆቹን ልኬ እኔ ቤት ቀረሁ። አክስቴ እስካሁን በደንብ አታናግረኝም። 4 ሰዓት ሆነ፣ ማንም የለም። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ስደውል «መንገድ ላይ ነው» ተባልኩ። 7 ሰዓት ላይ ስልኩ አይነሳም። 9 ሰዓት ላይ አንድ ሰውዬ አነሳና «ቅዳሜ እኮ እስከ 6 ሰዓት ነው የምንሠራው» አለኝ። እሱ ታዲያ በ9 ሰዓት ስልክ ያነሳው ምን ሊሠራ ገብቶ እንደሆነ እንጃ። የተገባልኝን ቃል ነገርኩት። «እሷ ዕረፍት ወጥታለች» አለ። እሺ፣ ዕረፍት መብቷ ነው። ማሽኑ ጭመቃ ላይ ሲደርስ እንደ ወፍጮ ቤት እንደሚጮህ፣ ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤቶች ሕፃን እንዳላቸው፣ ችግሩም ኩሽኔታ (ዘንጉ ያለችግር እንዲዞር የሚይዘው ባለ ኳስ ቀለበት) ሊሆን እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳሁት። ሳቀ። በስልክ ሰማሁት እኮ! «እመቤት፣ ማሽን ነው፣ ሳይጮህ እንዴት ያጥባል?» አለኝ። ቀጠለና «ቴክኒሻናችን ቦርድ ነው ብሎ ጽፏል፣ እርስዎ ከእሱ ይበልጣሉ?»

ያን ዕለት መልስ አጥቼ ዘጋሁት። አሁን ልመልስ። በዚህ ጉዳይ አዎ፣ እበልጣለሁ፣ ምክንያቱም እኔ ማሽኑን አይቼዋለሁ። የላካችሁት ልጅ አላየውም። አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ መጣ፣ ሊፍት የለንም፣ ለዚያ አመሰግነዋለሁ። ባዶውን አስነሳው፣ ገና ውሃ እየሞላ እያለ አጠፋው። ካቻቢቴ እንኳን አልያዘም። «ቦርድ ተቃጥሏል» ብሎ ጻፈና ለምርመራ 1500 ብር ተቀብሎ ወረደ። የቡና ውሃ ጥጄ ነበር፣ ሳይፈላ ሄደ።

ቦርድ ከተቃጠለ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ጭራሽ አይነሳም፣ ወይ መሃል ላይ ቀጥ ይላል፣ ወይ የስህተት ምልክት ያወጣል። የእኔው ውሃ ያስገባል፣ ያጥባል፣ ውሃውን ይደፋል፣ ፕሮግራሙን ሳያቋርጥ ይጨርሳል። የሚጮኸው ድራሙ፣ ልብሱ የሚገባበት በርሜል ማለቴ ነው፣ ሲዞር ብቻ ነው። ቀስ ሲል ያጉረመርማል፣ ሲፈጥን ያገሳል። ጭመቃው በደቂቃ 1200 ዙር ነው፣ በሰከንድ 20 ጊዜ ማለት ነው። ኩሽኔታው ካለቀ ያን ጊዜ ነው የሚያጋልጠው።

ይሄን ከየት አመጣሽው እንዳትሉኝ። ጋራዥ ያላቸው ጎረቤት አሉን፣ ዕድሜያቸውን መኪና ሥር የጨረሱ ሰው ናቸው። ድምፁን ከደረጃው ሰምተው «ይሄ እንኳ የመኪና ጎማ ኩሽኔታ ድምፅ ነው» ብለው ገቡ። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀሉ። በሩን ከፍተው ድራሙን በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩና «ስሚ» አሉኝ። አሸዋ ላይ የሚንከባለል ብረት ነው የሚመስለው። ከዚያ የድራሙን አፍ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁት። ድራሙ ብቻውን ይወዛወዛል፣ ድራሙን ከውጪ የያዘው የፕላስቲክ ገንዳ ግን ንቅንቅ አይልም። «ችግሩ ንዝረቱን የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር ቢሆን ሁለቱም አብረው ነበር የሚወዛወዙት» አሉኝ። ከሥር በስልካቸው መብራት ሲያዩ ደግሞ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ የወረደበት መስመር አገኙ። ውሃ የሚከለክለው ጎማ ካረጀ ወይ ከተበላሸ ውሃ ይገባል፣ ግሪሱ ታጥቦ ያልቃል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል። ይኸው ነው። ሁሉም አሥር ደቂቃ አልፈጀም፣ የጠየቁኝም አንድ ስኒ ቡና ብቻ ነው፣ እሱንም በግድ።

ክዳኑን ሊከፍቱት ሲሉ የእናንተን የዋስትና ማሸጊያ አዩና ተዉት። «ይሄን ከነካሁት ዋስትናሽን ያነሱብሻል፣ ራሳቸው ይክፈቱት» አሉ። ከእናንተም የምፈልገው ይሄንኑ ነው። ክዳኑን መክፈት፣ ቺንጋውን ማውለቅ፣ ድራሙን ብቻውን ማዞር፣ ቀጥሎ ሞተሩን ብቻውን ማዞር። የሚጮኸው የትኛው እንደሆነ እዚያው ይለያል። እኔ ተሳስቼ ሞተሩ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ሰውዬውንም ጭምር። ግን ማንም ሳይከፍተው አዲስ ቦርድ ልግዛ? ከዚያስ ድምፁ ባለበት ሲቀጥል ማንን ልጠይቅ?

እየቆየ በሄደ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ያለቀ ኩሽኔታ ዘንጉን ይበላዋል፣ ያን ጊዜ ኩሽኔታ መቀየር ብቻውን አይበቃም። አንዳንድ ሞዴል ላይማ የውጪው የፕላስቲክ ገንዳ ተበይዶ ስለሚመጣ አይፈታም፣ ሙሉው ነው የሚቀየረው። ስለዚህ እናንተ «በሚቀጥለው ሳምንት» ባላችሁ ቁጥር ወጪው እየጨመረ ነው፣ ይሄ ወጪ የእኔ እንዳልሆነ ከአሁኑ እንተማመን።

ከተነሳ አይቀር፣ ያለፈውንም ልናገር። ማሽኑን ስታመጡት ከኋላው ያሉትን፣ ድራሙ በጉዞ እንዳይነቃነቅ የሚይዙትን አራት የማጓጓዣ ብሎኖች ሳትፈቱ ነው የሄዳችሁት። በመጀመሪያው ጭመቃ ማሽኑ ከመታጠቢያ ቤት ተነስቶ በሩ ድረስ ተራመደ፣ ትንሹ ልጄ አልቅሶ ነበር። ስደውል «ወለልዎ ሜዳ ስላልሆነ ነው» ተባልኩ። መመሪያውን አንብቤ ብሎኖቹን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ እስካሁን በላስቲክ አስቀምጫቸዋለሁ። ጩኸቱ ሲጀምር «መብራቱ ስለሚዋዥቅ ነው፣ ስታቢላይዘር ይግዙ» አላችሁኝ፣ ያውም ከእናንተው ሱቅ። ገዛሁ። ጩኸቱ እንዳለ ነው። ቀጥሎ ሳሙና አበዛሽ ተባልኩ። ሳሙና ቢበዛ አረፋ ይበዛል እንጂ ብረት ይጮሃል እንዴ?

መጀመሪያ ስደውል አንድ ሰው መጥቶ እንዲያይልኝ ብቻ ነበር የጠየቅኩት። አሁን ግን ለማይረባው ምርመራ የከፈልኩት 1500 ብር ይመለስልኝ። ስታቢላይዘሩንም ውሰዱና ገንዘቤን መልሱ። ኩሽኔታው መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ ውሃ የሚከለክለው ጎማም አብሮ ይቀየር፣ በዋስትናው፣ ያለ ክፍያ። የማይፈታው ዓይነት ከሆነ ማሽኑ ራሱ ይቀየርልኝ። ዋስትና ማለት ሞተር ብቻ ነው የሚለውን በስልክ ነው የሰማሁት፣ በሰጣችሁኝ ወረቀት ላይ እንደዚያ የሚል የለም፣ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ካልሆነ የሸማቾች ጥበቃ ሕጉን ይዤ ለሚመለከተው አካል አመለክታለሁ። ማስፈራሪያ አይደለም፣ ማመልከቻውን ባለቤቴ ጽፎት ጨርሷል፣ ቀን ብቻ ነው የቀረው።

እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ። ቅዳሜ እንዳትሉኝ። የምትልኩት ሰው ከመውጣቱ በፊት ይደውልልኝ፣ ደግሞ እባካችሁ ካቻቢቴ ይዞ ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጀሞዋ ደንበኛችሁ