ከበሩ ተመልሰህ ጠይቀው፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ብርዱ ሲገባ ጉልበቴን ያዝ አደረገኝ እንጂ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ ግን ገና ወደ ነገሩ ስጠጋ "እሺ እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ትለኛለህ። ስለዚህ ቡናህን አፍልተህ፣ ተቀምጠህ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ባለፈው ማክሰኞ የድሬዋ አክስትህ ደወለችልኝ። ስለ ጉንፋኗ፣ ስለ ቤቷ ጣሪያ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ስታዞረኝ ቆየችና በመጨረሻ "ልጆቻችን መኳረፋቸውን ሰምተሻል?" አለችኝ። ከማን ልስማ? አብራችሁ የተከራያችሁትን ቤት ስትለቁ የማስያዣው ገንዘብ ጎደለ አሉ። አንተ የእሷ ልጅ በልቶታል ብለህ ዕቃህን ጭነህ ወጣህ። ከነሐሴ ጀምሮ ስልኩን አታነሳም። እኔ በየሳምንቱ "ወንድምህስ?" ስልህ "ደኅና ነው" ትለኝ ነበር። ለእናትህ ዋሸህ። እሱን ስንገናኝ እንነጋገርበታለን።

"ልጄ ጠይቆታል ወይ?" አልኳት።

"አንድም ቀን" አለችኝ።

አባቴ፣ ሳትጠይቀው አትፍረድበት። አንድ ገንዳ ውስጥ ታጥባችሁ ያደጋችሁ ልጆች ናችሁ። ወስዶት ሊሆን ይችላል፤ እኔ አልወሰደም አላልኩም። ጠይቀው ነው ያልኩህ።

አሁን ኮሎምቦ ስለምንላት አክስትህ የማታውቀውን ልንገርህ።

አርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ የነበረችውን ባለ አንድ መኝታ ቤታችንን ታስታውሳለህ? ምንጣፉ ላይ ከሰል የወደቀበት ጥቁር ነጥብ ነበረ፤ አንተ መኪናህን የምታቆመው እሱ ላይ ነበር። አራታችንም ከካርቱም በስደተኝነት የመጣን ሴቶች ነን። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሠራተኛ፣ የፒያሳዋ አክስትህ ሆቴል አልጋ አንጣፊ፣ የድሬዋ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ፣ ኮሎምቦ ደግሞ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ዳቦ ቤት የምትገባ። አባትህ እሑድም ታክሲ ይነዳል። ከሳምንቱ ውስጥ የኛ የምንለው እሑድ ማታ ብቻ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ይፈላል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ "ሲክስቲ ሚኒትስ" የሚባለው የዜና ፕሮግራም ይጀምራል፤ የዚያ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲሰማ የፒያሳዋ ዕጣን ትጨምራለች። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን የወንጀል ምርመራ ድራማዋ ጀግና፣ የጄሲካ ፍሌቸር የጽሕፈት መኪና ይንኳኳል። "መርደር፣ ሺ ሮት" የሚባለው ድራማዋ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲጀምር ከመካከላችን በትክክል እንግሊዝኛ የሚሰማ አልነበረም። ግን ሴትዮዋን ወደድናት። ባሏ የሞተባት፣ መምህርት የነበረች፣ በስተርጅና መጽሐፍ ጽፋ ስም ያገኘች። ደግሞ መኪና አትነዳም! በብስክሌትና በእግር ነው የምትሄደው። አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ እግራችን ሲደነዝዝ "ጄሲካም መኪና የላትም" እንባባል ነበር። የምትኖርበት ከተማ ካቦት ኮቭ ሜይን ውስጥ ነው ይሉናል እንጂ የቀረጹት በሌላኛው ጫፍ፣ ካሊፎርኒያ ሜንዶሲኖ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ይህንን ያወቅን ቀን የድሬዋ አክስትህ የተታለለች ያህል ተቆጣች።

የመጨረሻው ማስታወቂያ ሲገባ ስኒው ይቀመጥና እያንዳንዳችን ገዳዩን እንናገራለን። የተሳሳተች ስኒ ታጥባለች። እኔ ስንት ዓመት ስኒ እንዳጠብኩ እግዚአብሔር ይቁጠረው። ፊት አይቼ ነበር የምፈርደው፤ ፊቱ የከበደ፣ ዓይኑ የሚሸሽ ሁሉ ለእኔ ገዳይ ነበር። ኮሎምቦ አንድ ቀን እንኳን አላጠበችም። ዘዴዋን ስንጠይቃት "ሳይጠየቅ የመለሰው ማን ነው? እሱን ያዙ" ትለን ነበር። አንተ ያኔ ጭኗ ላይ ተኝተህ ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው።

ስሙን ያወጣንላት ግን በሌላኛው ምክንያት ነው። እሷ ከጄሲካ ይልቅ የሌላ ድራማ መርማሪ ፖሊስ፣ መቶ አለቃ ኮሎምቦን ነበር የምትወደው። ኤቢሲ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1989 እንደገና ሲጀምረው በእኔ ቪዲዮ ትቀዳው ጀመር። በላዩ ሌላ እንዳይቀዳበት የካሴቱን ጆሮ በቢላዋ ጫፍ ትሰብርና ጀርባው ላይ በአማርኛ ትጽፍበታለች። እኔ እናደድ ነበር፤ ገዳዩን ገና ከመጀመሪያው ካሳዩን ምኑ ያጓጓል? እሷ ደግሞ "ማን እንደገደለማ ሁሉም የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ማረጋገጡ ነው ሥራው" ትለኛለች። ኮሎምቦን የሚጫወተው ፒተር ፎክ ቀኝ ዓይኑን በሦስት ዓመቱ ነው ያጣው፤ ካፖርቱም የራሱ ነው፣ ከቤቱ ያመጣው። ያንን የተጨማደደ ካፖርት ለብሶ ይጠያይቅና ተሰናብቶ ወደ በሩ ይሄዳል። ሰውየው እፎይ ሲል መቶ አለቃው ከደፉ ላይ ይዞራል፤ ጣቱን ያነሳል፤ "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ" ይላል። ያኔ አክስትህ እጇን ታጨበጭባለች። በየሳምንቱ እንደ አዲስ ታጨበጭባለች።

የድሮ ፊልምም ተከራይተን እናይ ነበር። የፒያሳዋ በልጅነቷ ሲኒማ ኢትዮጵያ የገባችበትን ቀን፣ የሕንድ ፊልም አይታ መሐረቧ እስኪርስ ማልቀሷን ሳትተርክልን ካሴት አይገባም። አንድ ቅዳሜ ኮሎምቦ አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም አመጣች፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲድኒ ሉሜት የሠራው የአሥራ ሁለቱ ዳኞች ፊልም። ሁሉ ነገር አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አሥራ አንዱ የተከሰሰው ልጅ ጥፋተኛ ነው ይላሉ፤ ሄንሪ ፎንዳ ብቻውን "መጀመሪያ እንነጋገር" ይላል። አክስትህ እያቆመች ተረጎመችልን፤ አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆነው ፊልም እኩለ ሌሊት ድረስ ወሰደን። እኔ አለቀስኩ። ይህንን ያልኩህ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይገባሃል።

ሳልረሳው፦ በርበሬውና ሽሮው አርብ ተልኳል። በርበሬውን ከፍለህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባው፤ እንደ አምናው መስኮት ላይ ትተህ እንዳይበላሽብህ። ጾሙ ሊገባ ነው። የመኪናህን ጎማ ደግሞ አስፈትሽ፤ ሲያትል ዝናብ ነው፣ ያለቀ ጎማ በዝናብ ይገድላል።

እ.ኤ.አ. በ1995 መከር ላይ ጄሲካን ከእሑድ አንስተው ሐሙስ ላይ አደረጓት። ሐሙስ ሦስታችን ሥራ ነን። እሑዱ እንዲያ ነው የላላው፤ ቡናው አለ፣ ግን የምንጠብቀው ነገር የለም። ያኔ ስምንት ሆነን በወር ሁለት መቶ ሁለት መቶ ዶላር ዕቁብ እንጥል ነበር፤ ዳኛዋ ኮሎምቦ ነች። የታኅሣሥ ዕጣ ለእኔ ወጣ። ሐሙስ ማታ ለሥራ ስወጣ በር ላይ ፖስታውን ሰጠችኝ። አንተ ትኩሳት ይዞህ ታለቅሳለህ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። ሳልቆጥር ሸሸግኩት።

እሑድ ገና ነበር፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 1996። ያ በረዶ የወረደ ዕለት። ከተማው ዝም ብሏል፣ መንገዱ ከእግረኛ መሄጃው አይለይም። ጠዋት ፖስታውን አውጥቼ ቆጠርኩ፤ 1,200 ዶላር። እንደገና ቆጠርኩ። አራት መቶ ጎድሏል።

እኩለ ቀን ላይ ኮሎምቦ መጣች። ከሁለት ሕንፃ ወዲያ ነው ቤቷ፤ እስከ ጉልበቷ በረዶ ውስጥ እየገባች፣ የዶሮ ወጥ ድስት በፎጣ ጠቅልላ ይዛ። ከልባሽ ልብስ መደብር የገዛችውን የአፈር ቀለም ያለው ካፖርት ለብሳለች። በሩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ዞረችልኝና "አሁንስ እሱን አልመስልም?" አለች። እየሳቀች ነበር። እኔ በገንዘቤ የተገዛ ካፖርት ነበር የታየኝ።

ምን እንዳልኳት አልጽፍልህም። አንተ ክፍል ውስጥ ነበርክ፤ ባትሰማ ደስ ይለኛል። ሰማችኝ። አልጮኸችም። ድስቱን ምድጃው ላይ አስቀመጠች፣ ወደ በሩ ሄደች፣ ከደፉ ላይ ዞር አለች። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ቤትሽን ፈልገሻል?" አለችኝ።

"ቤቴን የምታስፈትሺኝ አንቺ ማን ነሽ?" አልኳት።

ወጣች። በመስኮት አየኋት፤ ካፖርቱ ስስ ነበር፣ የዝናብ ነው። እስክትርቅ ድረስ አየኋት፤ መስኮቱን ግን አልከፈትኩም። በሳምንቱ አራት መቶውን ዶላር በድሬዋ አክስትህ እጅ ላከችልኝ። እኔም ተቀበልኩ። "አየሽ፣ ባትወስድ ኖሮ ትከፍል ነበር?" አልኳት ለድሬዋ፤ እንዲህ ነው ያልኩት። በዚያው ዓመት ክረምት ኮሎምቦ ዳላስ ገባች።

እ.ኤ.አ. በ2003 ወደዚህ ቤት ስንዛወር ካሴቶቹን ካርቶን ውስጥ እከት ነበር። አንዱ ከሳጥኑ አልገባም አለኝ። ካሴቱን ሳወጣ ሃያ ሃያ ዶላሮች፣ ለሁለት ታጥፈው፣ ከግርጌው ተወሽቀዋል። ቆጠርኳቸው፤ ሃያ ናቸው። ገንዘብ አንድ ቦታ እንደማላስቀምጥ ታውቃለህ፤ ካርቱም ከተሰረቅኩ ወዲህ ሁልጊዜ እከፍለዋለሁ። ያን ሐሙስ ማታ ከፖስታው ላይ ቆንጥሬ፣ በችኮላ፣ እዚያ ከትቼው ሄጃለሁ። ጀርባው ላይ በእሷ እጅ "ኮሎምቦ፤ እንዳይሰረዝ" ተብሎ ተጽፏል።

ልጄ፣ ቤቴን ብፈልግ ኖሮ አገኘው ነበር። ብጠይቃት ኖሮ አብረን እንፈልገው ነበር፤ ከእሷ የሚሰወር ነገር አልነበረም።

ስልኳን ከፒያሳዋ አክስትህ ተቀበልኩ። ዐቢይ ጾም ነበር፤ ለፋሲካ እንኳን አደረሰሽ ብዬ እጀምራለሁ አልኩ። ፋሲካ መጣ፤ እንግዳ በዛ ብዬ ተውኩት። ሰኔ ላይ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አሃዝ ደውዬ ዘጋሁት፤ አፍሬ ነው። ለዘመን መለወጫ አልኩ። በፍልሰታ ጾም ውስጥ መሞቷን ሰማን። ታማ ኖራለች፤ ለማንም አልተናገረችም። ለአርባዋ ዳላስ ሄድኩ። ያኔ ለሥራ ነው የሄድኩት ብዬህ ነበር፤ እኔም ዋሽቼሃለሁ። እህቷ በር ከፍታ አየችኝና "ስኒ አጣቢዋ አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

ፒተር ፎክ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሞት የመርሳት በሽታ ይዞት ኮሎምቦን መጫወቱን እንኳን አያስታውስም ነበር ሲሉ ሰማሁ። ያን ቀን ሥራ መግባት አቃተኝ። ጄሲካን የተጫወተችው አንጄላ ላንስበሪ እ.ኤ.አ. በ2022 ስታርፍ ደግሞ ከፒያሳዋና ከድሬዋ ጋር ለሦስት ስልክ ላይ ሆነን እስከ ሌሊት አወራን። አራተኛዋን ማንም በስሟ አልጠራትም። የድሬዋ ብቻ "ሳይጠየቅ የመለሰው ማን ነው?" አለች፤ ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን።

እና አንተ "ገንዘቡ ከእጁ ነው የጎደለው፣ ምን ይጠየቃል?" ትለኝ ይሆናል። እኔም በእጄ የተቆጠረ ገንዘብ ነበረኝ። አዲስ ካፖርት በዓይኔ አይቻለሁ። ሳትጠይቀው አትፍረድበት። የቤቱን ውል አውጥተህ አንብበው፤ አከራዩ ለቀለም፣ ለጽዳት ብሎ የቆረጠው እንዳለ እይ። ሒሳቡን በጽሑፍ ጠይቅ። ከዚያ ሰው ልከህ ሳይሆን ራስህ ሄደህ፣ በሩን አንኳኩተህ ጠይቀው። መልሱ ባያስደስትህም ጠይቀሃል።

ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ላስገልብጥልሽ ያልከኝን አስቤበታለሁ። እውነትህን ነው፤ ማጫወቻውን መሥራት ያላቆመው የመጨረሻው ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል፤ የእኔውም ሲጀምር እያጓራ ነው። አሥራ አንዱን በካርቶን እልክልሃለሁ። አሥራ ሁለተኛውን ግን አልልክም፤ አራት መቶው ዶላር እንዳለ ሳጥኑ ውስጥ ነው። በተዝካሯ ቀን ለቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ እላለሁ፤ እስከዛሬ እጄ አልዘረጋም።

ዘንድሮ ልደትህ፣ ኅዳር ጽዮን፣ እሑድ ላይ ውሏል። 35 ዓመት ሞላህ፤ የኔ ጌታ፣ እኔ በዚህ ዕድሜ አንተን ይዤ ያንን ቡና አፈላ ነበር። ስጦታ አልላክሁም። ወንድምህን ይዘኸው ና፣ ወይም ቤቱ ሂድ፤ ቡናውን እሱ ያፍላ፣ ከአንተ ይሻላል። በእኛ ምሽት ሁለት ሰዓት፣ በእናንተ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደውሉልኝ። የድሬዋ አክስትህም እኔ ቤት ትሆናለች። በምስሉ ደውል፤ ሁለታችሁንም ማየት እፈልጋለሁ።

እናትህ