ዘግይቶ የመጣ መልስ

ቶሮንቶ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፦

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለከበረ ጤንነትህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዝም ማለቴ ከንቀት እንዳልሆነ ታውቃለህ ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ ነገ ስል ቀኑ ወር፣ ወሩም ዓመት ሆነና በኋላ መጻፉ ራሱ አሳፈረኝ። በዚያ ደብዳቤ ግርጌ ላይ ኳስን በራኬት ግድግዳ ላይ ስለምንመታበት ስለ ስኳሽ ጨዋታችን አንሥተህ «ለመሆኑ ይህን ዓሊ ፋራግን የሚጥለው ማን ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ዕዳዬን የምከፍለው ከዚሁ ጥያቄ በመነሣት ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጽፍልህ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በል።

ግብፃዊውን ፋራግን የጣለው የአገሩ ልጅ ሙስጠፋ አሰል ነው። በ2025 ሜይ ወር ቺካጎ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ የ24 ዓመቱ አሰል፣ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን የ33 ዓመቱን ፋራግ አሸነፈ፤ ፋራግም ብዙ ሳይቆይ ራኬቱን ሰቀለ። አንተ ሁልጊዜ ከነባሩ ሻምፒዮን ጎን፣ እኔ ደግሞ ከተገዳዳሪው ጎን እንደምንቆም የታወቀ ስለሆነ ደስ ያለኝ መስሎህ ይሆናል። ደስ አላለኝም። አሰል ድንቅ ተጫዋች ነው፤ ነገር ግን በሜዳ ውስጥ በሚያሳየው አካሄድ ከአንድ ጊዜ በላይ የታገደ ሰው በመሆኑ ይሁን፣ ወይም እኔው ራሴ ስላረጀሁ፣ በዚያች ማታ ልቤ ከፋራግ ጋር ነበር።

ስለ እርጅናዬ ካነሣሁ አይቀር ልንገርህ፤ ሐሙስ ሐሙስ ማታ በሰፈሬ ክለብ ከአንድ የ19 ዓመት ተማሪ ጋር እጫወታለሁ። የወለሉ ቀይ መስመሮች የሚገናኙባትን፣ እኛ «መስቀለኛዋ» እንላት የነበረችውን፣ እዚህ ደግሞ በፈረንጅኛው ፊደል ቅርጽ «ቲ» የሚሏትን ቦታ ታስታውሳለህ? በመጀመሪያው ዙር እሷን የምይዛት እኔ ነኝ። ከዚያ ቆሜ ኳሷን አንዴ ወደ ኋለኛው ግራ ማዕዘን፣ አንዴ ወደ ፊተኛው ቀኝ ስሰዳት፣ ልጁ ዙሪያዬን እንደታሰረ ጥጃ ይሽከረከራል። በሦስተኛው ዙር ግን ኳሷ ሞቃ ትነጥራለች፣ የኔ ጉልበት ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ከግማሽ እርምጃ በላይ አልጎድልም፣ ዳሩ ግን በዚያች ግማሽ እርምጃ ምክንያት መስቀለኛዋ ላይ እሱ ቆሞ፣ ዙሪያውን የምሮጠው እኔ ሆኜ እገኛለሁ። ሜዳው 9.75 ሜትር ርዝመትና 6.4 ሜትር ወርድ ያለው አንድ ክፍል እንጂ ሌላ አይደለም፤ መረብ የለም፣ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ተዘግቶ ቦታ ይቀማማል። የሻምፒዮንነት ነገር ሁሉ ያለው በዚያች ቦታ ላይ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በዱሮው ክርክራችን አንተ «ዘውድ አይነጠቅም፣ ባለቤቱ ሲደክመው ነው የሚወድቀው» ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ «ወጣቱ ይነጥቃል» እል ነበር። አሁን ሁለታችንም ጥቂት ስተናል እላለሁ። ለዚህ ማስረጃዬ የፓኪስታናዊው የጃሃንጊር ካን ታሪክ ነው፤ የሚገርመው ደግሞ የታሪኩ ግማሽ የተፈጸመው እኔ በምኖርባት በዚህችው ከተማ መሆኑ ነው።

በ1981 የጸደይ ወራት፣ ብሪቲሽ ኦፕን በተባለው የእንግሊዝ ታላቅ ውድድር ፍጻሜ፣ የ17 ዓመቱ ጃሃንጊር ከአውስትራሊያዊው ጄፍ ሃንት ጋር ተገናኘ። ሃንት 34 ዓመቱ ነበር፤ ልጁ ከሁለት ሰዓት በላይ አሯሩጦት እንኳ አሸንፎ ስምንተኛ ዋንጫውን ወሰደ። ያን ዕለት ያየ ሰው «ነባሩ ገና አልደከመውም» ብሎ አንተን በደገፈ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሁለቱ ቶሮንቶ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ እንደገና ተገናኙ። ሃንት የመጀመሪያውን ዙር 9 ለ 7 ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሦስት ዙሮች ልጁ 9 ለ 1፣ 9 ለ 2፣ 9 ለ 2 ጨረሳቸው። እነዚህን ቁጥሮች ደጋግሜ ባየኋቸው ቁጥር የምረዳው፣ ሃንት ያን የመጀመሪያ ዙር ለማግኘት የከፈለው ዋጋ የቀረውን ሁሉ እንዳስከፈለው ነው። በዚያን ዘመን ነጥብ የሚያስቆጥረው ኳሱን የጀመረው ወገን ብቻ ስለነበር፣ አንዱ ዙር ነጥቡ ሳይጨምር ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችል ነበር፤ ወጣቱም ዋንጫ ባያገኝ እንኳ ነባሩን ያደክመዋል። ስለዚህ ሃንትን የጣለው የቶሮንቶው ጨዋታ ብቻ ሳይሆን፣ እሱ ራሱ ያሸነፈው የጸደዩ ጨዋታ ጭምር ነው ብዬ እገምታለሁ።

ጃሃንጊር ከዚያ በፊት ያየው መከራ ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነው። በልጅነቱ በሆድ ዕቃ መውጣት ሕመም ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ሐኪሞች ከስፖርት እንዲርቅ መክረውት ነበር። በ1979 ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ቶርሳም አውስትራሊያ ውስጥ በጨዋታ ላይ ሳለ ወድቆ ሞተ። ጨዋታውን እርግፍ አድርጎ ሊተው ካሰበ በኋላ የአጎቱ ልጅ ራሕማት ነው በአሠልጣኝነት ይዞ የመለሰው።

ከዚያ ከ1981 የጸደይ ሽንፈቱ በኋላ ጃሃንጊር ከአምስት ዓመት በላይ አልተሸነፈም። በየቦታው የሚጠቀሰው 555 ተከታታይ ድል የሚለው ቁጥር ተቆጥሮ የተገኘ መሆኑን እኔ በበኩሌ እጠራጠራለሁ፤ ርዝመቱን ግን ማንም አይክደውም። በዚያ ዘመን ሁሉ ከበስተኋላው ሆኖ ሲሸነፍ የኖረው ኒውዚላንዳዊው ሮስ ኖርማን ነው። ይህ ሰው በ1983 በጃንጥላ ሲዘል ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ አገግሞ ተመለሰና እንደገና መሸነፉን ቀጠለ። በ1986 ፈረንሳይ ቱሉዝ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ግን 9 ለ 5፣ 9 ለ 7፣ 7 ለ 9፣ 9 ለ 1 አሸነፈው። ልብ በል፤ ኖርማን ወጣት አልነበረም፣ እንዲያውም በዕድሜ ጃሃንጊርን ይበልጠው ነበር። የነጠቀውም ወጣትነት አይደለም፣ የወደቀውም ዘውድ አይደለም። ያ ሰው በየሽንፈቱ ባላጋራውን እያጠና፣ አንድ ቀን ጥቂት የሚጎድልበትን ሰዓት ደጅ ጠንቶ አገኘው። እኔ ወደዚህ መሃል አስተያየት የመጣሁት በእርሱ ምክንያት ነው።

የፓኪስታን ከተማ የፔሻዋር ልጅ ጃንሼር ካን በ1987 ተነሥቶ የዓለሙን ዋንጫ ሲወስድ ብዙዎች የጃሃንጊር ነገር አበቃ ብለው ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት አምስተርዳም ላይ ግን ጃሃንጊር ራሱን ጃንሼርን በፍጻሜው አሸንፎ ዋንጫውን አስመለሰ። ይህን ለአንተ ወገን እቆጥርልሃለሁ። የኑር ኤል ሸርቢኒንም እንዲሁ። ይህች የእስክንድርያ ልጅ በ16 ዓመቷ፣ በ2012፣ ለብሪቲሽ ኦፕን ፍጻሜ ደርሳ በማሌዥያዊቷ ኒኮል ዴቪድ ተሸነፈች፤ በ2016 ኩዋላ ሉምፑር ላይ ከእንግሊዛዊቷ ላውራ ማሳሮ ጋር ስትጫወት ሁለት ዙር ተመርታ ሦስቱን በተከታታይ ወስዳ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2025 ቺካጎ ላይ ደግሞ የምትገዳደራትን ሃንያ ኤል ሃማሚን አሸንፋ ስምንተኛ ዋንጫዋን በማግኘት ከዚያችው ከኒኮል ዴቪድ ጋር ተካከለች። ፋራግ በወደቀበት መድረክ እሷ ጸንታ ቆመች።

አንድ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አንተን ያስታውሰኛል። ሃሺም ካን በፔሻዋር በእንግሊዝ መኮንኖች ክለብ ኳስ አቀባይ ነበር፤ ጣሪያ በሌለው ሜዳ፣ መኮንኖቹ ከፀሐይ ሸሽተው በሚያርፉበት ሰዓት፣ በባዶ እግሩ ብቻውን ይጫወት ነበር። በ1951፣ ዕድሜው ከ35 ካለፈ በኋላ፣ ለብሪቲሽ ኦፕን ሄዶ አራት ጊዜ ሻምፒዮን የነበረውን ግብፃዊ ማሕሙድ ካሪምን 9 ለ 5፣ 9 ለ 0፣ 9 ለ 0 ረታው። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ እኛ ከልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ወጥተን፣ የሆቴሉ እንግዶች እስኪተኙ ጠብቀን፣ መብራቱን ግማሹን ብቻ አብርተን የምንጫወትበት ሌሊት ነው። ኳሷ ቀዝቅዛ አልነጥር ስትል በጫማህ ሥር እያንከባለልህ ታሞቃት ነበር። ከፊተኛው ግድግዳ ግርጌ ያለው ቆርቆሮ በተመታ ቁጥር ዘበኛው እንዳይሰማ የምንደነግጠው ትዝ ይልሃል? መስቀለኛዋ ላይ ቀለሙን የፋቀው የአንተ እግር ነበር፤ እኔማ ዙሪያዋን ስሮጥ ነው የኖርኩት።

ስኳሽ በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ውስጥ ይገባል። ጨዋታው እዚያ ሲጀመር አዲስ አበባ ሌሊት ቢሆንም እንደ ዱሮው ታመሻለህ ብዬ አስባለሁ፤ እስከዚያ ድረስ አሰልን የሚጥለው ማን እንደሆነ አንተ ጻፍልኝ። ሜዳው አሁንም እንዳለ፣ መስመሩም ተቀብቶ እንደሆነ ጠይቀህ ንገረኝ።

ናፋቂ ወንድምህ