ከቅዳሜ በፊት ፐብሜድን ሞክሩት

ሰላም የግሩፑ ልጆች እንዴት ናችሁ፣ ትናንት ማታ እኛ ሰፈር ቱሉ ዲምቱ መብራት ስለጠፋ ነው ሳልጽፍላችሁ ያደርኩት። ባለፈው አንዳንዶቻችሁ የቴሲሳችሁን ርዕስ እንዳለ ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረገጽ) ላይ ገልብጣችሁ "ምንም የለም" ስትሉ ነበር፣ እኔም በፊት እንደዛው ነበርኩ፣ ከጎግል ጋር የማወራ ይመስለኝ ነበር። ርዕሱን በታትኑት፤ በሽተኛው ማነው፣ ምን ተደረገለት፣ ምን ውጤት ነው የምንፈልገው፣ ከዛ ለእያንዳንዱ ተመሳሳይ ቃላትን በኦር (OR) አገናኝታችሁ ቅንፍ ውስጥ ክተቱ፣ ቅንፎቹን በኤንድ (AND) አያይዙ። ሁለቱንም በካፒታል ጻፏቸው። ቅንፍ ከረሳችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው፣ ጉድ ነው የሚሰራችሁ።

ሜሽን (MeSH፣ ፐብሜድ ላይ ለጽሁፎች የሚሰጡ ወጥ የርዕስ ቃላት) ደግሞ አትዝለሉት በናታችሁ! አንዱ ጸሐፊ ካንሰር ይላል ሌላው ቲዩመር ይላል፣ ሜሽ ላይ ግን ሁሉም ኒዮፕላዝምስ ስር ነው የሚገባው ስለዚህ በቃል ልዩነት ጽሁፍ አያመልጣችሁም። ትኩስ የወጣ ጽሁፍ ግን ሜሽ ገና ላይሰጠው ስለሚችል ተራውንም ቃል ጨምሩ። ሁሉን ነገር በጥቅስ ምልክት ማጠርም ይቅር፣ ጥቅስ ሲኖር ፐብሜድ በራሱ ወደ ሜሽ መተርጎሙን ያቆማል።

ሙሉ ጽሁፉ ክፈሉ ካላችሁ ካርድ አታውጡ፣ መጀመሪያ ፒኤምሲ (PMC፣ ሙሉ ጽሁፍ በነጻ የሚገኝበት ማከማቻ) ላይ እዩ፣ ካልሆነ ተቋማችሁ ሂናሪ (ለታዳጊ አገር ተቋማት የሕክምና ጆርናሎችን በነጻ ወይም በቅናሽ የሚከፍት ፕሮግራም) ላይ ተመዝግቦ ከሆነ ላይብረሪ ሄዳችሁ ፓስወርዱን ጠይቁ።

ቅዳሜ ስትመጡ የፈለጋችሁበትን ቃል ከነቀኑ ጽፋችሁ ያዙ፣ ዳታም ሙሉ፣ የኔ ዋይፋይ አይታመንም።