ዳትሰን 240ዜድን አሻሽሉት፣ ደህናውን ላሜራ ግን አትቁረጡ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በመኪና ዓምዳችሁ ስለ አሮጌ የጃፓን ስፖርት መኪኖች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የአንድ ዳትሰን 240ዜድ ሞተር ወጥቶ በምትኩ የአሜሪካ ቪ-8 (ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር) እንደገባለት፣ ፓራፋንጎዎቹም ተቆርጠው ሰፋፊ ጎማ እንደተገጠመለት በአድናቆት ይተርካሉ። እኔ አዲስ አበባ ላሜራ ቤት ውስጥ ሙያውን ተምሬ ዛሬም እዚህ ቨርጂኒያ በዚያው የምተዳደር ሰው ነኝ። እነዚህ ዜዶች በየጊዜው በእጄ ስለሚያልፉ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። መኪና መሻሻሉን አልቃወምም። የምቃወመው ነገ ወደ ነበረበት ሊመለስ የማይችለውን ነገር መቁረጥ ነው።

ዜድ ተራ መኪና አይደለም። ዳትሰን በሚል የንግድ ስምም መኪና ይሸጥ የነበረው ኒሳን እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ ላይ ጃፓን ውስጥ «ፌርሌዲ ዜድ» ብሎ አወጣው። አሜሪካ ሲገባ 240ዜድ እንዲባል ያደረጉት እዚህ የኩባንያው ኃላፊ የነበሩት ዩታካ ካታያማ ናቸው። ባለ 2.4 ሊትር፣ 6 ሲሊንደርና መንታ ካርቡራቶር ሆኖ ዋጋው 3,526 ዶላር ነበር። ለእኛም ባዕድ አይደለም። በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈው ይኸው 240ዜድ ነው። የ1973ቱን ድል ያስገኘው ሾፌር ሼካር ሜህታ የካምፓላ ተወላጅ ነበር። የ1971ዱን አሸናፊ መኪና ኒሳን ዛሬም አስቀምጦታል። የኩባንያው ሠራተኞች ሞተሩን አድሰው ሲያስነሱት በውድድሩ የተጎዳውን አካል ግን አላቃኑትም፤ እንዳለ ተዉት። እንዲህ ያለ አክብሮት ነው የምወደው።

የዜድ ጠላት ዝገት ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ቅጠል ሲሞላው ውኃው መውጫ ያጣል፤ ከፓራፋንጎው ጀርባ ተጠራቅሞ ወደ በሩ ሥር ይወርዳል። ባትሪው የሚቀመጠው በሞተሩ ክፍል በስተቀኝ ጥግ ነው። አሲዱ ለዓመታት ሲንጠባጠብ መጀመሪያ የባትሪውን መቀመጫ፣ ቀጥሎም ከሥሩ ያለውን ዋናውን ተሸካሚ ብረት ይበላዋል።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ሌላ ጋራዥ ቀለም ቀብቶለት የሚያብረቀርቅ የ1972 ዜድ አመጣልኝ። «ወለሉን ብቻ እይልኝ» አለኝ። ወለሉ ላይ ድምፅ እንዲቀንስ ከፋብሪካው የተለጠፈ ሬንጅ መሰል ምንጣፍ አለ። በእሳት ላላቅቅህ ብትለው ጭሱ አያስቀምጥም። ስለዚህ ደረቅ በረዶ (የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) በተንንበትና ጥቂት ጠበቅን። ሬንጁ እንደ ብርጭቆ ደረቀ፤ በመዶሻ ቀስ እያልኩ ስመታው እየተሰነጠቀ ተነሳ። ከሥሩ የፋብሪካው ወለል አልነበረም። በሪቬት የተመታ ቆርቆሮ ነበር፤ በላዩም ጣት የሚያህል ስቱኮ ተደፍድፎበታል። ስቱኮውን ስናነሳው የጋራዤ ሲሚንቶ በቀዳዳው ወለል ብሎ ታየ። ሰውዬው የከፈለው ለቀለም ነው፤ የተቀባው ግን ዝገት ነው።

እንዲህ ያለውን ወለል ቆርጬ አወጣዋለሁ። ከመቁረጤ በፊት በበሮቹ መግቢያ ላይ ብረት በይጄ አካሉን አጠነክራለሁ፤ አለዚያ መኪናው ያጎነብስና በሩ አልዘጋም ይላል። አዲሱን ላሜራ እዚህና እዚያ ነጥብ በነጥብ ነው የምበይደው፤ አንዴ አያይዤ ብበይደው በሙቀቱ ይጠማዘዛል። የሞተውን ቆርጦ ማውጣትና ደህናውን መቁረጥ ለየቅል ናቸው። የዜድ የኋላ ፓራፋንጎ ከአካሉ ጋር የተበየደ ነው፤ የውጪውና የውስጡ ላሜራ የሚገናኙት ጠርዙ ላይ ነው። ለጎማ ተብሎ ጠርዙ ሲቆረጥ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ተመልሰው በደንብ ካልተበየዱ ውኃና ጭቃ መሃላቸው ይገባል። ጽሑፋችሁ ያደነቀው ሥራ ይህ ነው። ቪ-8ቱ እንኳ በጥንቃቄ ከተገጠመ አካሉን ብዙ ሳይነካ ሊገባ ይችላል።

ፈጣን መኪና የሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለው። አሜሪካ የገባው 240ዜድ ማርሹ ባለ 4 ነበር። የኋለኞቹ 280ዜዶች ባለ 5 ካምቢዮ ይገባለታል፤ አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ ያርፋል። የ280ውም ባለ 2.8 ሊትር ሞተር በዚያው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። የፍሬኑ ነገር ደግሞ የአገሬን ሰው ደስ ይለዋል። የ1980ዎቹ መጀመሪያ የቶዮታ ፎር ዊል ፒክአፕ፣ እኛ ሃይሉክስ የምንለው፣ ባለ 4 ፒስተን የፊት ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ዜዱ ላይ በብሎን ይታሰራል፤ ከጀርባው ያለውን የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ ማጠፍ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ነገ ሊፈታ ይችላል። የመጀመሪያውን ሞተር ግን እንዳትሸጡት። ቁጥሩ በሞተሩ ክፍል ባለው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ ዘይት ቀብታችሁ ጥግ አስቀምጡት። በ2020 አንድ የ1971 240ዜድ እዚህ በጨረታ 310,000 ዶላር ወጥቷል። ይህን ዋጋ ያወጣው እጅ ያልበዛበት ስለነበር ነው። አምራቾቹም ቢሆኑ ወደ አሮጌው ተመልሰዋል፦ ኒሳን ከ2017 ጀምሮ ለአር32 ስካይላይን ጂቲ-አር፣ ቶዮታ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ለሱፕራ መለዋወጫ እንደገና ማምረት ጀምረዋል።

አገር ቤት ላሉ ወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ። ከ2024 ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለውን የቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ስታሳምሩ ሌላ እንደማይተካው አስቡ። መኪናው ዝቅ እንዲል ብላችሁ ሞላውን በግራይንደር አትቁረጡት። የተቆረጠ ሞላ ጉድጓድ ላይ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። አጭር ሞላ ግዙለት፤ የድሮውንም አስቀምጡ።

ዓምዳችሁም ስለ ፈረስ ጉልበት በጻፈ ቁጥር የላሜራ ሠራተኛውንም እንዲጠይቅ እለምናለሁ። ዜድ ልትገዙ የምትሄዱ ደግሞ ቀለሙን ትታችሁ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከበሩ ሥርና ከኋላ ጎማው ፊት ላሜራው ላይ ካልያዘ ስቱኮ ነው። ምንጣፉን አንሱ፣ የባትሪውን መቀመጫ ከላይም ከታችም እዩ። ሻጩ መኪናውን በክሪክ አንስታችሁ ከሥሩ እንድታዩ ካልፈቀደ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የላሜራ ባለሙያ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ