ልጄ ሆይ፣ ሕመምሽን አትደብቂ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ «ለዶርም ልጆቹ አልነገርኳቸውም፣ ምን ይሉኛል» ስላልሽኝ ነው የምጽፍልሽ። ሜላስ የሚባል ሕመም እንዳለብሽ ንገሪያቸው ልጄ።

ዘጠነኛ ክፍል ሆነሽ የታመምሽውን አንቺ በደንብ አታስታውሺውም። ራስሽን እያመመሽ፣ እያስመለሰሽ ሰንብተሽ ነበር። ምሳ ቀረበ። ከትሪው በቀኝ ያለውን ሽሮ ጨርሰሽ «ወጥ ጨምሩልኝ» አልሽ። በግራ በኩል ሽሮውም ጎመኑም እንዳለ ነበር። አላየሽውም። ማታ ግራ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንዱ ሐኪም ማይግሬን አለ፣ ሌላው ስትሮክ አለ። ጎረቤት ያለውን ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ስትሮክ የሚባለው የጭንቅላት የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ያንቺ የደም ሥር ደህና ነው። ያቃታቸው ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት፣ ምግቡን ለሴሎችሽ ጉልበት የሚያደርጉት ናቸው። ጉልበቱ ሲያጥር ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል፣ አንጎል ይጎዳል። በኤምአርአይ በተነሳው የጭንቅላት ምስል ላይ የታየው ጉዳት የአንድን የደም ሥር ክልል አልተከተለም ነበር። ዶክተሯን ያነቃት ይኸው ነው። ደምሽ ውጭ ተልኮ ሲመረመር ሜላስ የሚባለው የማይቶኮንድሪያ ሕመም መሆኑ ታወቀ። በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ 3243ኛው ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራለች። ይህችን ለውጥ ጃፓኖች ያገኟት እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

የሚተላለፈው በእናት በኩል ነው። የኔ ስኳር፣ የአያትሽ ጆሮ ያለ ዕድሜው መድከም፣ ሁሉም ከዚያው ነው። የተቀየረው ዲኤንኤ መጠኑ እኔ ላይ አነሰ፣ አንቺ ላይ በዛ። እርግማን አይደለም፣ የማንም ዓይን አይደለም። ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ፊት ለፊት እናገራለሁ።

ሲነሳብሽ አፍሽ ሊተሳሰር ይችላል። ያኔ የሚናገርልሽ ሰው ያስፈልግሻል። ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ ግማሹ ዓይንሽ ከጨለመ፣ ንግግርሽ ከተወላገደ ወይም እጅሽ ከተንቀጠቀጠ «ትተኛና ይለቃታል» እንዳይሉ። ወዲያው ሐኪም ቤት ይውሰዱሽ። ከመታወቂያሽ ጋር ያለውን ወረቀት ያሳዩ። ቫልፕሮይክ አሲድ እንዳይሰጥሽ የሚለው መስመር ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ። ዴፓኪን የሚሉት እሱ ነው። ለሚጥል በሽታ በየቦታው የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፣ ላንቺ ግን ማይቶኮንድሪያውን ይባስ ያደክመዋል። ጄንታሚሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም ጆሮ ስለሚጎዳ ሌላ አማራጭ ይፈልጉልሽ።

ሆድሽን ባዶ አታድርጊ። የንስሐ አባታችን የታመመ ለጾም እንደማይገደድ ነግረውሻል፣ በዚህ ነገር አትጨነቂ። ጸበልም ሂጂ፣ ግን መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ፣ በባዶ ሆድ ረጅም ሰዓት ሳትቆሚ። ፈተና ደረሰ ብለሽ ሌሊቱን ሙሉ አታንጊ። ትኩሳት ከያዘሽ፣ ጉንፋን ነው ብለሽ አታሳልፊው፤ ሕመሙን ብዙ ጊዜ የሚቀሰቅሰው እንዲህ ያለው ነው።

ይህን ደብዳቤ ማታ ለልጆቹ አንብቢላቸው። ስልኬንም ይመዝግቡ፣ በሌሊትም ቢሆን ይደውሉልኝ። የላክሁልሽ ዳቦ ቆሎ ለሁላችሁም ይበቃል፣ ሲያልቅ ንገሪኝ።

እናትሽ