ሳልነግርሽ ሄጄ ነበር

ውድ ሂሩቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? እትዬስ፣ ልጆቹስ? ይህን ደብዳቤ ስንቴ ጀምሬ ስንቴ እንደተውኩት አትጠይቂኝ። ባለፈው እሑድ ወንድምሽ ደውሎ "ሂሩት የጃፓን ቪዛ ተመታላት" ሲለኝ መጀመሪያ እልል አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን አፈርኩ።

እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ሄጄ መጥቻለሁ። ያኔ ስድስት ኪሎ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ደብተርሽ ላይ የጻፍነውን ጉዞ፣ መጋቢት 2016 ብቻዬን ሄድኩት። ድንገት ፈቃድ አገኘሁ፣ ትኬት ረክሶ አየሁ፣ ቆረጥኩ። ስመለስ እነግራታለሁ አልኩ። አባባ ማረፋቸውን የሰማሁት እዚያው እያለሁ ነው። ልደውል ስልኩን አነሣሁ። "የት ነሽ?" ብትዪኝስ? አስቀመጥኩት። ዛሬ ነገ ስል አርባቸው አለፈ። ቀጥሎ ሙት ዓመታቸው። ከዚያ ወዲያማ በምን አፌ!

ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልኝ። ለቅሶ አልደረስኩም፤ ይቅር በዪኝ። በአካል ስንገናኝ የፈለግሽውን ትዪኛለሽ። እስከዚያው ቢያንስ እኔ የተሳሳትኩትን አንቺ እንዳትደግሚው ልጻፍልሽ።

ቶኪዮ ሺንጁኩ ካላረፍኩ አትበዪ። እኔ ያረፍኩት ኡዬኖና አሳኩሳ መካከል፣ እነሱ "ቢዝነስ ሆቴል" የሚሉት ውስጥ ነው። ክፍሉ ሻንጣ ከፍተሽ የምትቆሚበት ቦታ የለውም። ግን ይጸዳል፣ ፒጃማ ሳይቀር ይሰጡሻል፣ ባቡሩም ቅርብ ነው። አንድ ሌሊት ለወጉ ካፕሱል ሆቴል፣ ሣጥን በምታህል ማረፊያ ውስጥ የሚተኛበትን፣ ሞክሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኦሳካ የተጀመረ ነገር ነው። የሴቶች ፎቅ ለብቻው ነው፣ ምንም አያስፈራም። ደግሞ አልተኛበትም እንጂ። መብራቱን ሳጠፋ የተገነዝኩ መሰለኝ።

ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ ስትሄጂ ሻንጣሽን አትጎትቺ። "ታክዩቢን" የሚሉት አገልግሎት አለ። ጠዋት ለሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ትሰጫለሽ፣ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ የሚቀጥለው ሆቴልሽ ይጠብቅሻል። አንቺ በትንሽ ቦርሳ ሺንካንሰኑ፣ ፈጣኑ ባቡር ላይ ፏ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ሁሉም ግዢ የሚሉሽን የባቡር ፓስ፣ አንዴ ከፍለሽ ለተወሰነ ቀን የምትጓዢበትን፣ ግን ሳታሰሊ አትግዢ። የሰባት ቀኑ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ29,650 የን ወደ 50,000 ዘሏል። ቶኪዮ ኪዮቶ አንድ ጉዞ 14,000 የን ገደማ ስለሆነ፣ ብዙ ከተማ ካልዞርሽ አያዋጣም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የምትሄጂው በሁዳዴ ነው አሉ። እኔም በሁዳዴ ነበርኩ። እዚያ አገር የጾም ችግሩ ሥጋ አይደለም፤ ሥጋውንማ አይተሽ ትተዪዋለሽ። መረቁ ነው ጉዱ። "ዳሺ" የሚሉት የሾርባቸው መሠረት አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይሠራል። የአትክልት ኑድል ብለሽ ታዢያለሽ፣ ዓሣው ውስጡ አለ። ሚሶ ሾርባውም እንደዚያው። እኔ ሦስት ቀን ጾሜን እየያዝኩ መስሎኝ ዓሣ ስጠጣ ከረምኩ። አንቺ ደግሞ ዓሣ ጾም ነው የሚልሽን ሰው እንዴት እንደምታዪው አውቃለሁ።

ስለዚህ የቡድሃ መነኮሳት ወዳሉበት ተራራ፣ ኮያሳን ሂጂ። ሌላ ቦታ ቢቀርብሽ እንኳ ይህን አታስቀሪ።

ኦሳካ ካለው ናምባ ጣቢያ በናንካይ ባቡር ጎኩራኩባሺ ድረስ ትሄጃለሽ። ከዚያ በገመድ የሚጎተት ባቡር ገደሉን በአምስት ደቂቃ ያወጣሻል። ላይ ስትደርሺ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የመነኮሳት ከተማ ታገኛለሽ። ኩካይ የሚባል መነኩሴ ከ1,200 ዓመት በፊት የመሠረተው ነው። ከመቶ በላይ ገዳማት አሉ፤ ሃምሳ ያህሉ እንግዳ ያሳድራሉ። ርካሽ አይደለም፤ እራትና ቁርስ ግን አብሮ ነው። ምግቡ "ሾጂን ርዮሪ" ይባላል። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለ። ከሰሊጥ የሚሠራ እንደ እርጎ የረጋ ነገር አለ፤ ሰሊጥ ፍትፍት እየበላ ያደገ ሰው አፉ ላይ ሲያደርገው ዝም ይላል። መጋቢት ላይ ይበርዳል፣ ወፍራም ካልሲ ያዢ። ራት በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ አርፍደሽ እንዳትደርሺ።

እንደ አገር ቤት መስሎኝ ገብቼ ጉድ ሆንኩልሽ። ጫማሽን በር ላይ ታወልቂያለሽ፣ ነጠላ ጫማ ያቀብሉሻል። ሽንት ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ነጠላ ጫማ አለ። እኔ በሽንት ቤቱ ነጠላ ጫማ የራት አዳራሹ ደጃፍ ድረስ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ እግሬን አየ። ምንም አላለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ኦኩኖኢን ወደሚባለው መቃብር ሄድኩ። ከ200,000 በላይ መቃብር ያለበት፣ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆን የጥድ ጫካ መንገድ ነው። ጫፉ ላይ ኩካይ አለ። ሞተ አይሉም። በተመስጦ ላይ ነው ብለው ዛሬም በየቀኑ ሁለቴ ምግብ ይወስዱለታል። እኛ "ተሰወሩ" እንደምንለው ማለት ነው። ደግሞ የሚያስቅም አለው። የምስጥ አጥፊዎች ማኅበር ለገደላቸው ምስጦች ያቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። የአንድ ቡና ድርጅት መታሰቢያ ላይ ደግሞ የድንጋይ ስኒ ተቀምጧል። የአባባን ዜና ያነበብኩት እዚያ ስኒ አጠገብ ቆሜ ነው። ነፍስ ይማር ያልኩት እዚያው ነው። አንቺ አልሰማሽኝም እንጂ።

ፍል ውኃውንም ቅመሺው። ራቁትሽን ከማታውቂያቸው ሴቶች ጋር ነው፤ አምስት ደቂቃ ያሳፍራል፣ ከዚያ ማንም እንደማያይሽ ይገባሻል። መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ በሳሙና ትታጠቢያለሽ፣ ከዚያ ነው ገንዳው። ትከሻሽ ላይ ያለችው ታቱ ግን ጣጣ አላት። ብዙ ቦታ ታቱ ያለበት አይገባም። በፕላስተር ሸፍኚያት፣ ወይም በሰዓት የሚከራይ የግል ገንዳ ጠይቂ። እትዬ እስካሁን አላዩዋትም አይደል?

ገበያ ካልሽ፣ ኡዬኖ ያለው አሜዮኮ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጥቁር ገበያ ነበር፤ ዛሬም ጩኸቱ መርካቶ መርካቶ ይላል። ካፓባሺ የሚባለው መንገድ የወጥ ቤት ዕቃ ብቻ ነው። ቢላዋ ግዢ፣ አውሮፕላን ውስጥ በእጅሽ በምትይዢው ሻንጣ እንዳታስገቢው እንጂ። ፓስፖርትሽ አይለይሽ። ቀረጥ ነፃ የሚሉ ሱቆች ከ5,000 የን ጀምሮ 10 በመቶውን ይተዉልሻል። ከኖቬምበር 2026 ወዲህ ከሆነ ግን ሙሉውን ከፍለሽ የሚመለስልሽ ስትወጪ አየር ማረፊያ ነው። ጉርሻ አትስጪ፤ ሯጭ ሆነው ተከትለው ይመልሱልሻል።

ኪዮቶ ላይ ብዙ አልልሽም፣ ሰው ይበዛል። ፉሺሚ ኢናሪ የሚባለውን መቅደስ ብቻ ጎህ ሲቀድ ሂጂ። በነፃ ነው፣ ሌሊትም አይዘጋም።

አንድ የቀረ ቦታ አለ። አባባ የሚያወሩት የአበበ ነገር ትዝ ይልሻል? ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ወር ከምናምን ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገብቶ፣ ሜዳው ላይ ስፖርት መሥራቱን? ወለሉ ላይ ተኝተው እግራቸውን እያነሡ ያሳዩን ነበር። ሩጫው የዞረበት ቦታ ቾፉ ውስጥ፣ ኮሹ ካይዶ የሚባለው መንገድ ዳር፣ ምልክት ቆሞለታል። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ቶቢታክዩ ጣቢያ ወርደሽ በእግር ነው። ለመጨረሻው ቀን አስቀምጬው ነበር። ከዜናው በኋላ ያለ አንቺ መሄዱን እግሬ እምቢ አለኝ።

ፎቶ አንሥተሽ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። ካላሰኘሽም አትላኪልኝ። ብቻ ሂጂ።

ያንቺው
ማርታ